ለለቅሶ ብቻ

በ2071 ዓ.ም. ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ የረር ግርጌ ካሉት ሕንፃዎች መካከል የብሎክ አርባ አንድ እድር ጥሪ ደረሰው። ጥሪው አጭር ነበር። ሦስት ትልልቅ ድስቶች፣ አንድ ድንኳን፣ ስልሳ ሁለት ወንበሮችና አንድ የሬሳ ሳጥን ዓመት ሙሉ ሥራ ላይ ስላልዋሉ፣ ሰኔ ሁለት ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ለመመለስ ተዘጋጅተው እንዲጠብቁ ይላል። ከታች እንደ ወትሮው «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» የሚል አለበት።

የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ሶልያና ጥሪውን ያነበበችው ሥራ ቦታዋ ሆና ነው። የምትሠራው ልብስ መፍቻ ውስጥ ነው። ጊዜው የሞላ ልብስ ይመጣላታል፤ ስፌቱን ትፈታለች፣ ቁልፉን ለብቻ፣ ዚፑን ለብቻ ታስቀምጣለች፣ ክሩን ስባ ታጠነጥናለች። ኪስ ውስጥ የሚገኝ ነገር ሁሉ በዓይነቱ ይለያል፤ ደብዳቤም ቢሆን ወረቀት ነው። በዚያን ሰዓት እጇ ላይ የነበረው አንድ ሰማያዊ ሹራብ ነው። ጥሪውን ሁለት ጊዜ አነበበችና የሹራቡን ግራ እጅጌ ፈትታ ጨረሰች።

አርባ አራት ዓመቷ ነው። ዕቃ ሁሉ ጊዜው ሲሞላ ተጠርቶ ይመለስ የሚለው አዋጅ ሲወጣ ገና አልተወለደችም፤ ስለዚህ ለሷ ነገሩ ሁሉ እንደዚሁ ሆኖ የኖረ ነው። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ደጃፉ ይመዝናታል፤ ማታ ስትገባ ይመዝናታል። የገባውን ያውቃል፣ የወጣውን ያውቃል። የጥርስ ብሩሽ እጀታ በየስድስት ወሩ ይጠራል፤ ማሰሮ ቢሰበር ስባሪው ሁሉ ተለቅሞ እስኪሟላ በሩ ላይ ያለው ቀይ አምፖል አይጠፋም። «ቆሻሻ» የሚለው ቃል ከመማሪያ መጻሕፍት ከወጣ ቆይቷል፤ ልጆች ሲጣሉ ብቻ ይሰዳደቡበታል። ከተማው ንጹሕ ነው። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ከተማው ንጹሕ መሆኑን አይክዱም።

ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰብሳቢ ጋሪው ያልፋል። ነጂ የለውም። ድምፅ ግን አለው፤ ከቀድሞው ዘመን የተወሰደ የሰው ድምፅ።

«ቆራሌው! ቆራሌው!»

ይህ ድምፅ የጋሽ ናሆም ነው። ጋሽ ናሆም ብሎክ አርባ አንድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ የሰማንያ ሦስት ዓመት አዛውንት ናቸው። በወጣትነታቸው ጆንያ ተሸክመው በየሰፈሩ እየዞሩ አሮጌ ዕቃ ይሰበስቡ ነበር። በሠላሳ አምስት ዓመታቸው አንድ መሥሪያ ቤት ጠርቶ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጣቸውና እንደ ልማዳቸው እንዲጣሩ ጠየቃቸው። ተጣሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሑመራ እስከ ሞያሌ በየመንገዱ የሚጣሩት እሳቸው ናቸው። አሁን ደረታቸውን ያማቸዋል፤ ጥቂት ተናግረው ያርፋሉ። ጋሪው በመስኮታቸው ሥር ሲያልፍ ግን ድምፁ ያው የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ድምፅ ነው።

---

እሑድ ግንቦት ሃያ የእድሩ አባላት ምድር ቤት ባለው ዕቃ ቤት ተሰበሰቡ። ድስቶቹ ግድግዳው ሥር በአፋቸው ተደፍተዋል። የድንኳኑ ሸራ ታጥፎ የሬሳ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። ሳጥኑ አንድ ብቻ ነው፤ ሟች በከፈን ይቀበራል፣ ሳጥኑ ተመልሶ ይመጣል።

ሰብሳቢው አቶ ኪሩቤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጥሪውን ሁላችሁም አይታችኋል።»

«አይተናል» አሉ እትዬ ማህሌት ከፊት ወንበር። እትዬ ማህሌት ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ስብሰባ ላይ ቀድመው የሚናገሩ፣ ቀድመውም የሚሄዱ ሴት ናቸው። «ያላየነው ምክንያቱን ነው። የብሎክ ሠላሳ ስምንት ድስት እንደኛው ድስት አይደለም እንዴ? እሱ ለምን አይጠራም?»

አቶ ኪሩቤል «የነሱ ለሰርግም ይወጣል» አሉ።

«የኛስ?»

«የኛ ለለቅሶ ብቻ ተብሎ ነው የተመዘገበው።»

«ማነው እንደዚያ ያስመዘገበው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ኪሩቤል።

ነገሩ የሆነው ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ነው። ዕቃ ሁሉ አጠቃቀሙን የሚመዘግብ ማኅተም ሲገባበት ለእያንዳንዱ ዕቃ ቅጽ ተሰጥቶ ነበር። ለምን ያገለግላል? ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለስብሰባ፣ ለለቅሶ፤ የሚስማማው ሁሉ ላይ ምልክት ይደረግ። የሌሎች ብሎኮች እድሮች አራቱም ላይ ምልክት አደረጉ። የአርባ አንድ ሽማግሌዎች ግን ለቅሶ ላይ የወጣ ድስት ሰርግ ቤት ሲጣድ ማየት ነውር ነው አሉ። ሁለት ሰዓት ተከራክረው አንዱ ላይ ብቻ ምልክት አደረጉ። ምድብ የሚቀየረው በየሃያ ዓመቱ ነው።

«ኩራት ነበር» አሉ አቶ ኪሩቤል። «በዚያን ጊዜ ሰው ይሞት ነበር። ዓመት ሙሉ ሰው ሳይሞት ይቀራል ብሎ ማን አሰበ?»

«ድስቶቹ ከሄዱ እድሩስ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

መልሱን የሰጠችው ሶልያና ናት። ስብሰባ ላይ መናገር ስለማይሆንላት ያየችው ድስቶቹን ነበር። «ንብረት የሌለው እድር ይሰረዛል። ከዚያ በኋላ ለቅሶ የምንቀመጠው ወረዳው የለቅሶ ማዕከል ነው። በተራ።»

«እና ምን አድርጉ ነው የሚሉን?» አሉ እትዬ ማህሌት። «ሰው ግደሉ?»

ሳቅ ሆነ። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ በሩ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት ጋሽ ናሆም ሳሉ። ረጅም ሳል ነው። ሁሉም ወደሳቸው ዞሩ፤ መዞራቸውን ሲያውቁ ደግሞ አንዱ ጣሪያውን፣ አንዱ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ጋሽ ናሆም ሳላቸውን ጨረሱ። አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ሰኔ ሁለት ነው አይደል?» አሉ። «እሞክራለሁ። ቃል ግን አልገባም።»

---

ሰኞ ከሥራ መልስ ሶልያና ትልቁን ድስት ጓሮ አውጥታ በውኃ ሞላችው። ውኃው ሲፈላ የድስቱ ጆሮ ላይ ያለው ማኅተም በራ።

«ሙቀት ተመዝግቧል። የሟች ስም ያስገቡ።»

ባለፈው ዓመት ከብሎኩ የሞቱትን ሰውዬ ስም ማኅተሙ ላይ ጻፈች። «ይህ ስም ጥቅም ላይ ውሏል» አላት። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ለራሷም ሳይገባት፣ የእናቷን ስም ጻፈች።

«የዚህ ስም ጊዜ አልፏል።»

እሳቱን አጠፋች። ውኃው ከሚባክን ብላ ደረጃውን ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር አጠበችበት።

እናቷ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ይኖሩበት የነበረው ሰፈር እድር ንብረቱ ቀደም ብሎ ተጠርቶ ስለነበር ለቅሶው በለቅሶ ማዕከል ነው የሆነው። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተራ ደረሳት። ጥሩ ቦታ ነበር፤ ነጫጭ ወንበሮች አሉት፣ ውኃ በብርጭቆ ይመጣል። የመጣው ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» አላት። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ለስለስ ያለ ደወል ጮኸ። ቀና ብላ ስታይ ቀጣዮቹ ለቅሶኞች የራሳቸውን ሟች ፎቶግራፍ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ተነሣች። «ይቅርታ፣ ቆየንባችሁ» አለቻቸው። ያን ቀን አላለቀሰችም፤ በኋላም አላለቀሰችም። የእናቷ ልብሶች ጊዜያቸውን ጠብቀው በጥር ተጠሩ። ወደ የትኛው መፍቻ እንደሄዱ አታውቅም። አንዳንድ ቀን ሥራ ላይ አንድ ቀሚስ እጇ ሲገባ መጀመሪያ አንገትጌውን አገላብጣ ታያለች።

---

ረቡዕ ለጋሽ ናሆም ሾርባ ይዛ ወጣች። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል፣ ልጅም አልወለዱ፤ ሾርባውን የብሎኩ ሰው በተራ ያደርሳል። በዚያ ሳምንት ግን ተራውን የጠበቀ የለም። ጠረጴዛው ላይ አምስት ሳህን ነበር።

«ሰው ሁሉ ሊያድነኝ ነው ወይስ ሊሰናበተኝ?» አሉ ጋሽ ናሆም። «ተቀመጪ።»

ተቀመጠች።

«የቁም ተዝካር ሲባል ሰምተሻል?»

«ሲባል ሰምቻለሁ። አይቼ አላውቅም።»

«የአባቴ አጎት አውጥተዋል። ልጅ አልነበራቸውም። ስሞት ማን ያወጣልኛል አሉና በሬ አርደው፣ ዳስ ጥለው፣ ቀሳውስቱን ጠርተው፣ በቁማቸው ተዘከሩ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ተዝካር ከለቅሶ ይቆጠራል አይደል?»

ሶልያና ወዲያው ገባት።

«አይሆንም ጋሽ ናሆም። የሟች ስም ይጠይቃል።»

«ስም አለኝ።»

«እንደሱ አይደለም። እርስዎ እያሉ… ሰው ምን ይላል? ለድስት ብለው ሰውዬውን ገደሏቸው ይላል።»

«ለድስት አይደለም» አሉ። በሳቅና በሳል መካከል የሆነ ድምፅ አወጡ። «አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ራሴን ስሰማ ኖርኩ። አንድ ቀን ደግሞ ሰው ስለኔ የሚለውን ልስማ። እዚያ ማዕከል ወስዳችሁ ለሦስት ሰዓት ከምታስቀምጡኝ፣ እዚሁ አስፋልቱ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሆዳችሁ እስኪሞላ ብሉልኝ። ለኪሩቤል ንገሪው።»

---

ሰኔ ሁለት ዓርብ ነበር፤ በዓለ ሃምሳ ስላላለፈ ጾም የለም። ድንኳኑ ከንጋቱ ጀምሮ ተተከለ። ካስማውን ሲመቱ ማኅተሙ በራ፤ ድስቶቹ ሲጣዱ በራ፤ ወንበሮቹ ላይ ሰው ሲቀመጥ አንድ በአንድ በራ፤ የሟች ስም ግን ገና አልገባም። አምስት ሰዓት ላይ ቄሱ ጸሎት አድርሰው ጨረሱ። የበግ ወጡና ምስሩ ለሁሉም ደረሰ፤ አጥንቱ በዓይነቱ ተለይቶ ወደ ዕቃው ገባ። ጋሽ ናሆም ከፊት፣ የሟች ፎቶግራፍ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። የገባው ሁሉ እጅ እየነሣቸው ያልፋል። ምን እንደሚባል የሚያውቅ ስላልነበረ አንዳንዱ «እግዜር ያጥናዎት» ይላቸዋል።

«አሜን» ይላሉ። «ከባድ ሐዘን ነው።»

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የተጠራውን ዕቃ የሚረከበው ተቆጣጣሪ መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ስሙ አጥናፍሰገድ ይባላል። የዚያ ዘመን ወጣቶች ስም እንዲህ የጥንት ነው፤ ናሆምና ማህሌት የሚባሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው። የመመዝገቢያ ሰሌዳውን በክንዱ ይዞ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመ።

«ኃላፊዋ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አለች ሶልያና።

«የሟች ስም?»

ወደ ጋሽ ናሆም አየች። «ናሆም ደበሳይ» አለች በመጨረሻ።

«አስከሬኑ የት ነው ያለው?»

«እዚህ ነኝ» አሉ ጋሽ ናሆም። «ግባና ብላ።»

ወጣቱ አላፈገገም፤ አልተቆጣምም። ሰሌዳውን ተመለከተ። «ዓይነቱ?»

«ተዝካር» አሉ አቶ ኪሩቤል። «የቁም።»

«ተዝካር የሚል አለ። የቁም የሚል የለም።» በጣቱ ወደ ታች ገፋ። «የሞት ቀን ግዴታ ነው። በእርግጥ… በሠላሳ ቀን ውስጥ ይሟላል የሚል ምርጫ አለው። ርቀው ሄደው ለሞቱ፣ ቀናቸው ላልታወቀ ሰዎች ታስቦ ነው።»

«ካልተሟላስ?» አለች ሶልያና።

«ጥሪው እንደገና ይመጣል።»

ሶልያና ወደ ጋሽ ናሆም ጎንበስ አለች። «ይቅርብን» አለቻቸው በሹክሹክታ። «ሰው ቀን ሲቆጥርብዎ አልፈልግም። ይውሰዱት።»

«ልጄ፣ ድሮስ ሳይቆጠር ቀርቶ ነው?» አሉ። ከዚያ ለወጣቱ «ሠላሳ ቀን በለው» አሉት። «አንተ ብቻ አትቸኩል፤ እኔም አልቸኩል።»

አጥናፍሰገድ ጻፈ። «አሁን ምልክቶቹን ማየት አለብኝ። ለቅሶ ለመሆኑ መመሪያው ሦስት ይላል። የተተከለ ድንኳን፤ አለ። ተሰብስቦ የተቀመጠ ሰው፤ አለ። ዕንባ።» ዙሪያውን አየ።

ዕንባ አልነበረም። እንዲያውም በዚያች ሰዓት እትዬ ማህሌት ከፍ ባለ ድምፅ ተረክ ላይ ነበሩ። «…ባሌ ተኝቷል። ይኸ ሰውዬ በመስኮት ሥር ቆራሌው ይላል። የባሌ ጫማ አሮጌ መስሎኝ አንሥቼ ሰጠሁት። ለካ ያለው ጫማ እሱ ብቻ ነው! ባሌ ነቅቶ በካልሲው እስከ አስፋልቱ አባረረው!»

«አልመለስኩለትም እንዴ?» አሉ ጋሽ ናሆም።

«አንዱን ነው የመለስከው!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ወጣቱ ቆሞ ጠበቀ።

«ዕንባ አላየሁም» አለ።

«ይመጣል» አሉ አቶ ኪሩቤል። «የኛ ሰው ቀስ ይላል።»

«እስከ ስምንት ተኩል ነው መጠበቅ የምችለው። ጋሪው ከኋላዬ ነው።»

«ቀይ ሽንኩርት የተረፈ የለም?» አሉ እትዬ ማህሌት ወደ ጓሮ እየዞሩ።

«እሱን አልሰማሁም» አለ ወጣቱ።

ሰው ሁሉ ለማልቀስ ሞከረ። ያስቸግራል። አንዱ ዓይኑን ጨፈነ፣ አንዷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ከነጠላዋ ሥር ግን ትከሻዋ የሚንቀጠቀጠው በሳቅ ነበር። ሶልያና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ባዶውን ዕቃ ቤት አሰበች። ነጫጮቹን ወንበሮች አሰበች። ዓይኗ እንደ ደረቀ ነው።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ድምፁ ከሩቅ ተሰማ።

«ቆራሌው! ቆራሌው!»

ትልቁ ጋሪ ነው፤ ለጠዋቱ ሳይሆን ለጥሪ የሚመጣው። ከብሎክ ሠላሳ ዘጠኝ ጥግ ዞረ፣ እየቀረበ መጣ፣ ከድንኳኑ ፊት ለፊት ቆመ። የብረት ክንዱን ዘረጋ። ድምፁ ጎላ፣ ጠራ፣ ሙሉ ሆነ፤ ጆንያ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ፣ ገና ብዙ ሰፈር የሚቀረው ሰው ድምፅ ነው።

«ቆራሌው!»

ጋሽ ናሆም የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ተነሡ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወረደ። ሶልያና ልትደግፋቸው ብድግ አለች፤ በእጃቸው ከለከሏት። ወደ ድንኳኑ አፍ ሦስት እርምጃ ሄዱ፣ ቆሙ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ የቤት እመቤቶች በሳቸው ዘመን ከበር ላይ ይመልሱላቸው በነበረው ቃል፣ በተሰነጠቀ የሽማግሌ ድምፅ መለሱ።

«የለም ወንድሜ! እለፍ!»

ማንም አልሳቀም። ጋሪው «ቆራሌው!» አለ።

«የለም አልኩህ እኮ» አሉ ጋሽ ናሆም፣ አሁን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለሚያውቁት ሰው እንደሚናገሩ። «ይህን ያህል ዞረሃል። አልደከመህም? ሂድ በቃ።»

ሶልያና መጀመሪያ የሰማችው የራሷን ትንፋሽ ነው። አፏን በእጇ ልትይዝ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ተቀመጠች፣ ጎንበስ አለች፣ ጮክ ብላ አለቀሰች። «እናቴ» ስትል ሰሟት። እትዬ ማህሌት ከአጠገቧ መጥተው ተቀመጡና ራሷን ደረታቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ እሳቸውም። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ወንድ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ለካ ያላለቀሰለት ሰው ነበረው።

አጥናፍሰገድ ሰሌዳው ላይ አንድ ምልክት አደረገ። ለመሄድ ግን አልቸኮለም። ባዶ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ፤ ሲቀመጥ የወንበሩ ማኅተም በራ። ሰሌዳውን ጭኑ ላይ በፊቱ ደፋው።

ጋሪው ክንዱን አጠፈ።

ሶልያና ለመረጋጋት ሞከረች። ፊቷን ጠረገች፣ ቀና አለች፣ ከልማድ የተነሣ ወደ ድንኳኑ በር አየች፤ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይኖር እንደሆነ። ማንም አልነበረም። ጋሽ ናሆም ብቻ ተመልሰው ወንበራቸው ላይ እየተቀመጡ ነበር።

«ይቅርታ» አለቻቸው። «እኔ…»

«አልቅሺ ልጄ» አሉ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው እየሳቡ። «ደወል የለብንም።»

ውጭ፣ ከብሎክ አርባ ሁለት በኩል፣ ድምፁ እየራቀ ይጣራ ነበር።